ኮረብታው ይጀምራል፣ ጨፌው ይጨርሳል

መቱና ጎሬን ጨምሮ የኢሉባቦር ከተሞች የተቆረቆሩት ከፍ ከፍ ባለው መሬት ላይ ነው። ቤቱ፣ ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱና ዋናው መንገድ የጋራውን ጀርባ ተከትለው ይሄዳሉ። ከግርጌ፣ ሸለቆው በሚጀምርበት ዝቅታ፣ ውሃ የማይለየው ጨፌ ተኝቷል። ጨፌ ሲባል አብዛኛው አንባቢ የሚያስታውሰው በበዓል ቀን ቤት ውስጥ የሚጎዘጎዘውን ለምለም ሣር ነው፤ በኢሉባቦር ግን ሣሩም፣ ሣሩ የሚበቅልበት ረግረግም በአንድ ስም ይጠራሉ። ይህ ምዕራፍ የሚናገረው ስለዚህ የመሬት አቀማመጥ ነው። ከላይ አየር የሚገባው ጥልቅ ቀይ አፈር አለ፣ ከታች አየር የማያገኘው ረግረግ አለ። መሐንዲሶች ፈሳሽ ቆሻሻን ለማጥራት በኮንክሪት ገንዳ የሚሠሩትም ይህንኑ ነው፤ አንድ አየር የሚነፋበት ገንዳ፣ አንድ አየር የሌለበት። ኢሉባቦር ማጣሪያውን ተሠርቶ አግኝታዋለች ማለት ነው። ከላይ ጎርፉን በቦይ እያስቸኮልን አፈሩን ሳይነካ እንዲያልፍ ስናደርግ፣ ከታች ደግሞ ጨፌውን ስናደርቅ፣ የማጣሪያውን ሁለት ክፍሎች በየተራ እያፈረስናቸው ነው።

አፈር ውሃን ያጠራል ሲባል ብዙ ሰው ወንፊትን ያስባል፤ ቆሻሻው ከላይ ይቀራል፣ ንጹሑ ከታች ይወርዳል ብሎ። እውነትነት ቢኖረውም ትንሹ ክፍል ብቻ ነው። ዋናውን ነገር ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1877 ቴዎፊል ሽሎዚንግና አሺል ሙንዝ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ናቸው። አንድ ሜትር ያህል የሚረዝም የመስታወት ቱቦ በአሸዋና በተፈጨ የኖራ ድንጋይ ሞልተው፣ የከተማ ፈሳሽ ቆሻሻ ከላይ ቀስ ብሎ እንዲንጠባጠብበት አደረጉ። ሃያ ቀን ያህል ምንም አልሆነም፤ ከላይ የገባው አሞኒያ ከታች አሞኒያ ሆኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ አሞኒያው ጠፍቶ በምትኩ ናይትሬት መውጣት ጀመረ። ነገሩ የኬሚካል ለውጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ሰዓት መታየት ነበረበት፤ ሃያ ቀን ለምን ጠበቀ? ሰዎቹ መልሱን ለማግኘት ሕያው ነገርን የሚያደነዝዘውን የክሎሮፎርም ትነት በቱቦው ውስጥ አሳለፉ። ናይትሬቱ ቀጥ አለ። ትነቱ ከወጣም በኋላ አልተመለሰም። ከጓሮ አፈር የታጠበ ጥቂት ውሃ ሲጨምሩበት ግን፣ ከተወሰኑ ቀናት በኋላ እንደገና ጀመረ። ጠላ የጠነሰሰች፣ ሊጥ ያቦካች እናት ይህን ታሪክ ስትሰማ አትደነቅም። አሸዋው ማሰሮው ነው፤ ሥራውን የሚሠራው እርሾው ነው። ያ እርሾ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው ሩሲያዊ ሳይንቲስት ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ለይቶ አሳያቸው።

እርሾ እንደሚፈልገው ሁሉ እነዚህም የሚፈልጉት ነገር አለ፤ ጊዜ፣ የሚጣበቁበት ገጽ፣ ምግብና አየር። ቆሻሻው ምግባቸው ነው። የሚጣበቁበትን ገጽ የኢሉባቦር ቀይ አፈር አትረፍርፎ ይሰጣቸዋል። ከዚህ አፈር አንድ ጓል ወስዶ በእጅ ፈርከስ ያደረገ ሰው፣ ጓሉ ወደ ትናንሽ ማዕዘናዊ እንክብሎች ሲበታተን፣ የእንክብሎቹም ገጽ በብርሃን ሲያብረቀርቅ ያያል። የአፈር ተመራማሪዎች ኒቲሶል ብለው የሚጠሩት ይህ ነው። ሸክላው ብዙ ቢሆንም በእንክብሎቹ መካከል ባለው ክፍተት ውሃም አየርም ስለሚተላለፍ፣ እንደ ኮትቻው ጥቁር አፈር ውሃ አያቁርም። ቀይ ያደረገው ብረት ነው፤ ይኸው የዛገ ብረት ፎስፈረስን አጥብቆ ይይዛል፣ ከውሃው ጋር የመጡ ቫይረሶችንም ወደ ገጹ ይስባል። ባክቴሪያዎቹ በእያንዳንዱ እንክብል ላይ ቀጭን፣ የሚያሟልጭ ሽፋን ሠርተው ይቀመጣሉ፤ የሚያልፈው ውሃ ሽፋኑን እየላሰ ሲሄድ የተሸከመውን ይለቃል። ይህ ሽፋን ሰው እንዳዳነ በታሪክ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1892 በሃምቡርግ ከተማ ኮሌራ ገብቶ ከ8,000 ሰው በላይ ሲገድል፣ አጥር ለአጥር የምትጎራበታት አልቶና ጉዳቷ እጅግ ያነሰ ነበር። ሁለቱም የሚጠጡት ከኤልበ ወንዝ ነበር፤ እንዲያውም አልቶና የምትቀዳው የሃምቡርግ ቆሻሻ ከገባበት በታች ነው። ልዩነቱ አልቶና ውሃውን በአሸዋ ንጣፍ ቀስ አድርጋ ታሳልፍ የነበረ መሆኑ ነው።

እንግዲህ የመቱ ጋራ የመጀመሪያውን ሥራ መሥራት ይችላል። ይሁንና እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። አየር ባለበት አፈር ውስጥ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ አሞኒያ ወደ ናይትሬት ይለወጣል እንጂ አይጠፋም። ናይትሬትን ደግሞ ቀዩ አፈር እንደ ፎስፈረሱ አጥብቆ አይይዘውም፤ ከውሃው ጋር አብሮ ሰርጎ ወደ ከርሰ ምድር ይወርዳል። ሽታ፣ ቀለምና ጣዕም ስለሌለው ኩልል ያለ የምንጭ ውሃ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚህ ሲያልፍ በተለይ በጡጦ የሚያድግ ጨቅላ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ሊያቅተው ይችላል። በአዲስ አበባ መሐል ከተማ ያሉ ምንጮችና ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች በናይትሬት መበከላቸውን የከርሰ ምድር ውሃ ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል፤ ምክንያቱም ለአሥርተ ዓመታት በቤቶች መካከል የተቆፈረው የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። መቱ የአዲስ አበባን ያህል ከመጠጋጋቷ በፊት ይህን ማወቋ ጥቅም አለው።

ናይትሬቱን የሚያጠፋው ጨፌው ነው። በረግረግ ውስጥ ውሃ የአፈሩን ቀዳዳ ሁሉ ስለሚሞላው አየር አይገባም። እዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ግን መተንፈስ አለባቸው፤ ኦክስጅን ሲያጡ ናይትሬቱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይወስዳሉ፣ የቀረው ናይትሮጅንም ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይመለሳል። የምንተነፍሰው አየር አራት አምስተኛው ያህል ራሱ ናይትሮጅን ስለሆነ አብዛኛው ናይትሬት ያለ ጉዳት ወደ መጣበት ሄደ ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ምግብ ያስፈልጋቸዋል፤ ምግባቸውም ዓመት ከዓመት እየወደቀ የሚበሰብሰው የጨፌው ቅጠልና ሥር ነው። ናይትሬቱም ሲያልቅ ወደ ብረቱ ይዞራሉ፤ የአፈሩን ዝገት ለትንፋሻቸው ይጠቀሙበታል። ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። በጨፌ ውስጥ አንድ አካፋ ወረድ ቢባል፣ በጋራው ላይ ቀይ የነበረው አፈር ግራጫ ሆኖ ይገኛል፤ ብረቱ ተበልቶ ሟሙቷል። አንድ የጨፌ ግንድ ከነሥሩ ቢነቀል ደግሞ ሥሩ ላይ ብርቱካናማ ዝገት ተለብጦ ይታያል፤ ተክሉ በግንዱ በኩል ወደ ሥሩ የሚያወርደው ጥቂት አየር የሟሟውን ብረት መልሶ ስላዛገው ነው። በአንድ ክንድ ርቀት ውስጥ አየር ያለበትና አየር የሌለበት ዓለም ተቃቅፈው ይኖራሉ፤ የረግረግ የማጥራት ኃይል ያለውም እዚህ ላይ ነው። በጨፌ ውሃ ላይ አንዳንዴ የሚንሳፈፈው፣ ቀስተ ደመና የሚመስለው ስስ ሽፋን ብዙ ሰው የነዳጅ ዘይት ይመስለዋል። በእንጨት ቢነካ ይለያል። ዘይት ከሆነ ተመልሶ ይገጥማል፤ እንደ መስታወት ተሰባብሮ ከቀረ የብረት ባክቴሪያዎች ሥራ ነው።

ብረት የሚተነፍሱት ባክቴሪያዎች ዘይትም ይበላሉ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1979 በአሜሪካ ሚኔሶታ ግዛት፣ ቤሚጂ ከተባለች ከተማ አጠገብ የድፍድፍ ነዳጅ ቧንቧ ፈንድቶ ዘይቱ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ወረደ። የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ቦታውን ለአሥርተ ዓመታት ሲከታተለው፣ ከዘይቱ ወደ ውሃው የሟሙት መርዛማ ነገሮች የከርሰ ምድር ውሃው በሚፈስበት ፍጥነት እንዳልተስፋፉ አረጋገጠ። የያዛቸው የአፈሩ ተሕዋስያን ናቸው፤ ኦክስጅኑን ሲጨርሱ የአፈሩን ብረት እየተነፈሱ ይበሏቸው ነበር። ለመቱ ጋራዦችና ላቫጆዎች ይህ ተስፋ የሚሰጥ ዜና ቢሆንም ፈቃድ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ሥራው አሥርተ ዓመታትን የፈጀ ነው፤ አንድ ጀሪካን የተቃጠለ ዘይት በየሳምንቱ ለሚደፋበት ጉድጓድ ባክቴሪያ አይደርስለትም።

ይህ ሁሉ ምቹ ሁኔታ እያለ ውሃው ለምን ይበከላል? መልሱ ከጣሪያው ይጀምራል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ስለዚህ 60 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ በአንድ የ30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1,800 ሊትር ያወርዳል። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ በሚዘንብበት አገር የአንድ ቤት ጣሪያ ብቻ ከ90,000 ሊትር በላይ ያፈሳል። ሣር ክዳን ቤት፣ ጓሮና ዛፍ በነበረበት ጊዜ ይህ ውሃ አብዛኛው ወደ መሬት ይሰርግ ነበር። አሁን ከቆርቆሮ ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ አስፋልትና ኮብልስቶን፣ ከዚያ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ጅረት ይገባል፤ የከብቱን እበት፣ የገበያውን ጥራጊ፣ የላቫጆውን ዘይትና ሳሙና እየጠራረገ በደቂቃዎች ውስጥ ሸለቆ ይደርሳል። ባክቴሪያዎቹ ቀናት ሲጠይቁ እኛ ደቂቃ ሰጠናቸው። ከሁሉም የከፋው የመጀመሪያው ዝናብ ነው፤ ለሳምንታት የተጠራቀመውን በአንድ ጊዜ ያጥባል። የመቱን ጅረቶች የሚቀበለው የሶር ወንዝ ወደ ገባ ወንዝ፣ ገባም ከቢርቢር ጋር ሆኖ ወደ ባሮ ስለሚሄድ የመቱ ቦይ የመጨረሻ ጎረቤቱ ጋምቤላ ነው።

ከታች በኩል ያለው ጉዳት ደግሞ በሚገባ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2000 በእንግሊዙ ሃደርስፊልድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አድሪያን ዉድ የተመራ የረግረግ ጥናት ኢሉባቦርን ማዕከል አድርጎ ተካሂዷል፤ አፈወርቅ ኃይሉና አለን ዲክሰንም ከተመራማሪዎቹ መካከል ነበሩ። የጥናቱ ፍሬ ነገር ጨፌን ማረስ ሁሉ ጥፋት ነው የሚል አይደለም። ገበሬው በጨፌ ዳር በቆሎ ሲዘራ ትውልዶች አልፈዋል፤ የጋራው እህል ከመድረሱ በፊት ባሉት የረሃብ ወራት ቤተሰብ የሚያሻግረው ይኸው በቆሎ ነው። ጥናቱ ያየው ልዩነት በአስተራረሱ ላይ ነው። የጨፌው ራስ፣ ማለትም ውሃው የሚመነጭበት ላይኛው ክፍል ሳይነካ ሲቀር፣ ቦዩ ከአዝመራ በኋላ ተደፍኖ ውሃው ተመልሶ እንዲተኛ ሲደረግ፣ ጨፌው ለዓመታት ያገለግላል። ዳር እስከ ዳር ታርሶ፣ ቦዩ እየጠለቀ፣ ከአዝመራ በኋላ ከብት ሲለቀቅበት ግን አፈሩ ይረገጣል፣ የውሃው ደረጃ ይወርዳል፣ ዙሪያው ያሉ ምንጮች ይደርቃሉ። ይህን ሥርዓት የሚያስተባብሩ አባ ላጋ የሚባሉ የአካባቢው ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ማን መቼ ቦይ እንደሚቆፍር፣ መቼ እንደሚደፍን የሚወስኑት እነሱ ነበሩ። ሳይንሱ ዘግይቶ የደረሰበትን ነገር ተቋሙ አስቀድሞ ይዞት ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም። ተመራማሪዎቹ በዋናነት ያሰቡት ስለ ውሃው መጠንና ስለ እህሉ ነበር፤ እኔ የምጨምረው ስለ ጥራቱ ነው። ጨፌ ሲደርቅ አየር ይገባበታል፤ አየር ከገባ ናይትሬትን ወደ ጋዝ የሚመልሰው ክፍል ይዘጋል። ከዚህም አልፎ ለዘመናት የተከማቸው ብስባሽ ራሱ እየተቃጠለ ተጨማሪ ናይትሬት ይለቃል። አጣሪው በካይ ይሆናል።

ሦስተኛው ጉዳይ ቡና ነው። የኢሉባቦር ቡና ብዙው በጀንፈልነት የሚደርቅ ቢሆንም የእሸት ቡና መፈልፈያዎችም አሉ። እሸቱ ሲፈለፈል ፍሬውን የሸፈነው ጣፋጭና የሚያሟልጭ ልባስ በውሃ ይታጠባል፤ የሚወጣው ውሃ በስኳር የተሞላ፣ ኮምጣጣ፣ ጠቆር ያለ ነው። ዋናው ጉዳቱ ከመርዝነት ሳይሆን ከምግብነቱ ይመጣል። ወንዝ ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያዎች ይግተለተሉበትና የወንዙን ኦክስጅን ጨርሰው ዓሣውንና የውሃ ነፍሳቱን ያፍናሉ። ወቅቱም አይረዳም፤ መፈልፈያው የሚሠራው ዝናቡ አባርቶ ወንዙ እየጎደለ በሚሄድበት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው። ወንዝን የሚገድለው ይህ ውሃ ለአፈር ግን ድግስ ነው። በኖራ ኮምጣጣነቱ ተስተካክሎ፣ በጉድጓድ ደለሉን ጥሎ፣ ቬቲቨር በተተከለበት ተዳፋት ላይ በስሱ ከተሠራጨ ባክቴሪያዎቹ ይጨርሱታል። ቬቲቨር ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ወደ ጅማ የምርምር ማዕከል የገባውን ይህን ሣር፣ በካርልሃይንዝ በም የተመሠረተው ሰዎች ለሰዎች ድርጅት በኢሉባቦር ሲሠራ ለአፈር ጥበቃ በሰፊው አሠራጭቶታል። ሥሩ ወደ ጎን ሳይሆን ቁልቁል ብዙ ሜትር ስለሚወርድ የሰብልን ቦታ አይሻማም። በአንድ ነገር ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። አንድ ማሳ ላይ በየቀኑ ያለ ዕረፍት ከተደፋበት የአፈሩ ቀዳዳ በሙጫ ይደፈናል። ሁለት ሦስት ማሳ አዘጋጅቶ ማፈራረቅ ግድ ነው፤ አፈርም እንደ በሬ ይፈታል።

ጎርፉ በአፈርና በጨፌ እንዲያልፍ ይደረግ የሚለውን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች የሚያነሱት የመጀመሪያው ነጥብ የዝናቡ ብዛት ነው፤ ይህን ሁሉ ጎርፍ የትኛው አፈር ያስተናግደዋል? ሁሉንም ማስተናገድ አይጠበቅበትም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት የተጀመረው፣ ጎርፍን በተተከለ ዝቅተኛ መደብ ውስጥ የማሳለፍ ዘዴ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰናዳው ለመጀመሪያው 25 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ነው። አብዛኛው እድፍ የሚታጠበው በዚያ ስለሆነ ከዚያ የተረፈው በማፋሰሻው ቢያልፍ ኪሳራው ትንሽ ነው። የተዳፋት ከተማ መደብ እንደ ኮንሶ እርከን ደረጃ በደረጃ መሠራት አለበት፤ በመኪና የተረገጠ አፈርም እንክብሉ ተሰባብሮ ውሃ ስለማያሰርግ ቦታው ከግንባታው በፊት ታጥሮ መጠበቅ ይኖርበታል። ሁለተኛው ሙግት መሬት ውድ ነው የሚል ነው። እውነት ነው፤ ጨፌውን ለሚያርሰው ገበሬ ደግሞ ይበልጥ እውነት ነው። መልሴ ሁሉንም ጨፌ ተዉት የሚል አይደለም፤ የጨፌውን ራስ፣ በተለይም ከከተማ ቦይ ግርጌ ያለውን ተዉት፣ ለተወው ሰውም ከተማው ካሳ ይክፈል ነው። ሣሩም ለክዳንና ለበዓል ገበያ የሚሸጥ ምርት ነው። ሦስተኛው የወባ ስጋት ነው። ፀሐይ የሚመታው የቆመ ኩሬ ሁሉ ስጋት እንደሆነ አልክድም፤ ግን እ.ኤ.አ. በ2000 በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ ስለ ካባሌ ደጋ የታተመ ጥናት በታረሱ ረግረጎች አጠገብ ያለው ሙቀት ከተፈጥሮ ደንገል አካባቢ ከፍ ብሎ አግኝቷል፤ ይህም የወባ መተላለፍ አደጋን ሊያባብስ እንደሚችል ጠቁሟል። የወባ ትንኝ ከጥቅጥቅ ሣር ይልቅ ብርሃን የገባበትን ቦይ ትመርጣለች።

አፈር የማይችለውም አለ፤ ይህ በግልጽ ካልተነገረ ክርክሩ ሐቀኛ አይሆንም። ከአሮጌ ባትሪ የሚወጣ እርሳስ ንጥረ ነገር ስለሆነ የትኛውም ባክቴሪያ አይፈጨውም፤ አፈሩ ቢይዘው እንኳ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃል። ከጨፌው በላይ፣ በጋራው ወገብ ላይ የሚፈልቅ ምንጭ ደግሞ ሁለተኛውን ደረጃ ያላለፈ ውሃ ነው፤ ጨፌው አያድነውም። እዚያ ጥበቃው የጉድጓዱ ርቀት ነው። ዓለም አቀፉ የስፊር መመዘኛ ሽንት ቤት ከውሃ መነሻ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ፣ ግርጌው ከከርሰ ምድር ውሃው 1.5 ሜትር ከፍ እንዲል ይመክራል፤ በተዳፋት ላይ ከምንጩ በላይ ጭራሽ አለመቆፈር ይሻላል። በጨፌ ያለፈ ውሃም ቢሆን ሳይፈላ ወይም ክሎሪን ሳይነካው ለመጠጥ አይቀርብም። አፈር የውሃ አገልግሎትን ሥራ አይተካም፤ ሸክሙን ያቀልለታል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካይ የሆነ ሰው የበከለውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን የሚያስገድድበት መሠረት አለው፤ ስለዚህ የመፈልፈያው ባለቤትና ላቫጆው ሕግ አልነበረም ሊሉ አይችሉም። የጎደለው አዋጅ አይደለም፤ በአንድ ቦይ ጫፍ ላይ የሚሠራ፣ ሰው ሄዶ የሚያየው አንድ ምሳሌ ነው። መቱ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከቦዩ በላይና ከጨፌው በታች ውሃ ቀድቶ ናይትሬቱን መለካት ለአንድ የመመረቂያ ጥናት የሚበቃ ሥራ ነው። ለከተሞቹ አስተዳደሮች የማቀርበው ልመና ከዚህ ያነሰ ወጪ አለው። መሪ ፕላን ሲዘጋጅ ከከተማው ግርጌ ያለው ረግረግ ክፍት ቦታ ተብሎ አይለፍ፤ ጨፌ ተብሎ በስሙ ይጻፍ፣ የውሃ ማጣሪያ ተብሎም በሥራው ይመዝገብ። ቬቲቨሩን ለሚተክሉ መፈልፈያዎች ደግሞ ጊዜው ሰኔ ነው፤ ሥር እስኪይዝ ክረምቱን ይፈልጋል፣ የመጀመሪያው እሸትም በመስከረም መጨረሻ መቅላት ይጀምራል።